ጨው እንቀንስ፤ ኪኒን ግን አንጣል

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ሰሞኑን በየቡናው ላይ «ደም ግፊት በነጭ ሽንኩርትና በሽፈራው ቅጠል ይድናል፤ ኪኒን ምን ያደርጋል?» ሲባል እንሰማለን። እኛም በዚህ ነገር የምንለው አለን።

ምግብን ማስተካከል ግፊት እንደሚቀንስ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ይብላ ይላል። እኛ ግን በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው እንጨምራለን፤ ወጡ ሲሠራ ደግመን እንጨምራለን። ታዲያ አንዱን ብንተው ምን አለበት? ጎመን ማዘውተር፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መሄድ፣ አረቄና ሲጋራ መተውም ይጠቅማል። ግፊቱ ገና ለጀመረው ሰው ሐኪሙ ይህንኑ ብቻ ሊያዝለት ይችላል።

ኪኒን በራስ ፈቃድ ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። ሰውየው «ተሻለኝ» ብሎ ኪኒኑን ይጥላል፤ የተሻለው ግን በኪኒኑ ነበር። ከአባሎቻችን መካከል እንዲህ አድርገው በስትሮክ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ያላቸው አሉ። ሽፈራውም ሆነ ነጭ ሽንኩርት አላዳናቸውም።

ስለዚህ ሁላችንም ጤና ጣቢያ ሄደን እንለካ። ልኩ በተደጋጋሚ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምናችንን እንከታተል። ኪኒን የታዘዘለት ሐኪሙን ሳያማክር እንዳያቆም አደራ እንላለን። የማኅበሩ ድንኳን ታጥፎ ቢቀመጥ ደስታችን ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ