ቅርስ በቁልፍ አይጠበቅም

ቤት የሚኖረው በሰው ነው። ጣሪያው ሲያፈስ «ኧረ ባልዲ አምጡ!» ብሎ የሚጮህ፣ አሸንዳው ሲደፈን መሰላል ተውሶ የሚወጣ ሰው የሌለበት ቤት፣ ግድግዳው ገና ቆሞ ሳለ ሞቷል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም፤ አንድ ክረምት በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያሳለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ያላወቁት፣ ወይም እያወቁ ዝም ያሉት፣ በአሮጌው ቤት ላይ «ቅርስ ነው» የሚል ሰሌዳ ሰቅለው፣ በሩን ቆልፈው፣ ቁልፉን ይዘው የሄዱት ናቸው።

ስለ አዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች የሚከራከሩ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው «አይነካ!» ይላል፤ ሁለተኛው «ይፍረስ!» ይላል። በአደባባይ ሲነቃቀፉ ለሚያይ ሰው ባላንጣዎች ይመስላሉ። ጠጋ ብሎ ለመረመረ ግን ተባባሪዎች ናቸው። የመጀመሪያው ቤቱን ቆልፎ ዐሥር ክረምት ያስበላዋል፤ ሁለተኛው በዐሥራ አንደኛው ዓመት መጥቶ «ለሕዝብ ደኅንነት አስጊ ሆኗል» ብሎ ዶዘር ያስገባበታል። ቆላፊው ባይኖር ኖሮ የአፍራሹ ሥራ ይህን ያህል ባልቀለለ ነበር።

የእነዚህ ቤቶች አሟሟት ምሥጢር የለውም። የብዙዎቹ ግንብ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ወለላቸው፣ ደረጃቸውና ሰገነታቸው እንጨት፣ ክዳናቸው ቆርቆሮ ነው። የእንዲህ ያለ ቤት ዋና ጠላት ዕድሜ ሳይሆን ውሃ ነው። ነፋስ አንዲት ቆርቆሮ ይገለብጣል። የሐምሌ ዝናብ በዚያች ቀዳዳ ይገባል። ወራጁ ይበሰብሳል፣ ጭቃው ይሟሟል፣ ግንቡ ሆዱን ይነፋል። የጥቂት ሚስማር ጉዳይ የነበረው የሙሉ ቤት ጉዳይ ይሆናል። ቤቱ ውስጥ ልብስ ሰፊ ወይም ሻይ ሻጭ ቢኖርበት ኖሮ ያችን ቆርቆሮ በማግስቱ ያስመታት ነበር፤ የሚረጥበው ጨርቁ፣ የሚባረረው ደንበኛው ነውና።

ለመሆኑ ቤቶቹ እንዴት ጌታ አልባ ሆኑ? በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የመኳንንቱና የነጋዴው ሰፋፊ ቤት ለብዙ ቤተሰብ ተሸነሸነ። ድሃው መጠለያ አገኘ፤ ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ተከራዩ «የእኔ አይደለም» ብሎ፣ አከራዩ «ከዚህች ኪራይ ምን ተርፎኝ ልጠግን» ብሎ፣ ሁለቱም ጣሪያውን ለእግዜር ተዉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለይ። ሰባት ስምንት ቤተሰብ የሚኖርበትን ቤት «የተተወ» ማለት ውሸት ነው። ቅርስን ሰበብ አድርጎ ድሃን ከመጠለያው ማውጣትም ግፍ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው በእርግጥ ባዶ ስለሆኑት፣ ተቆልፈው ስለሚበሰብሱት ነው።

«ሁሉም ሙዚየም ይሁን» የሚሉ ደጋግ ሰዎች አሉ። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል፤ መልካም ሆኗል። ግን አንድ ከተማ ስንት ሙዚየም ሊቀልብ ይችላል? ሙዚየም ደመወዝ፣ ዘበኛና ጎብኚ ይፈልጋል። እነዚህ ሲጠፉ ያው ተመልሶ ቁልፍ ነው። እኛም «ታላቅ ቅርስ አለን» እያልን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ስንል እንኖራለን።

ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳየን ደግሞ ከእጃችን አለ። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ከ1890ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንግዳ ሲቀበል የኖረ ቤት ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ሲበላው ከተማው ደነገጠ፤ ኋላም ተጠግኖ ወደ ሥራው ተመለሰ። የተጠገነው ስለተወደደ ብቻ አይደለም። አልጋ የሚያከራይ፣ ምሳ የሚያበላ፣ በየቀኑ ገንዘብ የሚያስገባ ቤት ስለነበረ ነው። በዚያው ቀን አንድ የተቆለፈ አሮጌ ቤት ቢቃጠል ኖሮ ወሬው ከሰፈሩ ባላለፈ ነበር።

ሐረርም ሌላ ትምህርት አላት። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጀጎል ውስጥ፣ የአባቶቻቸውን ቤት የእንግዳ ማረፊያ ያደረጉ ቤተሰቦች አሉ። ነደባው፣ ማለትም መደቡ፣ ቀለሙ ሲደበዝዝ ይቀባል፤ ግድግዳው ላይ የተደረደረው ስፌት አቧራው ይራገፋል። ዛሬ ማታ እንግዳ ይመጣላ!

ተቃዋሚው መልስ አያጣም። «ጭስና ዘይት ቤቱን ያበላሸዋል» ይላል። እውነት ነው። የጥንቱ ግቢ ግን መላውን አስተምሮናል፤ ማድ ቤቱ ከእልፍኙ ተለይቶ በጓሮ ነበር። ዛሬም ማብሰያው በጓሮ ይሁን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ለጥቂት አምፖል በተዘረጋ አሮጌ ሽቦ ላይ እሱን መሰካት ቤቱን ለእሳት መዳር ነው። ስለዚህ ከምጣዱ በፊት ሽቦው ይለወጥ።

«ነጋዴ መልኩን ይለውጠዋል፤ ሰገነቱን ነቅሎ አሉሚኒየምና መስታወት ይገጥምበታል» ይላል። ይህም የሚያሰጋ ነው። በቅን ልቡና የጭቃውን ግንብ በሲሚንቶ የሚለስንም አለ፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ግንቡን ከውስጥ እንደሚበላው የነገረው የለም። የዚህ መድኃኒቱ ግን ውልና ቁጥጥር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 የቅርስ ጥገና ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ ደንግጓል። መከልከሉን ችለንበታል፤ የጎደለን ፈቅዶ መከታተል ነው።

«ፒያሳስ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ዶሮ ማነቂያ ሰው ሞልቶበት፣ ንግዱ ደርቶበት፣ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ፈርሷል። ስለዚህ ሰው መኖሩ ብቻውን ቤትን ከዶዘር አያድንም ቢባል ትክክል ነው። ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት «እንግዲያው እንቆልፈው» አይደለም። ቤቱን የያዘው ሰው በማስታወቂያ ወረቀት የማይነቀል፣ ፍርድ ቤት የሚያቆም የረጅም ዘመን ውል ይኑረው የሚል ነው። ነገ ይባረር እንደሆነ የማያውቅ ሰው ዛሬ ጣሪያ አይጠግንም።

የምንጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው። በየክፍለ ከተማው ባዶ የሆኑት የቅርስ ቤቶች ዝርዝር ለሕዝብ ይነገር። ለአንድ ባለሀብት በጅምላ ሳይሆን ለየሰፈሩ ሰው ይከራዩ፤ ለዳቦ ጋጋሪዋ፣ ለሸማኔው፣ ለመጽሐፍ ሻጩ፣ ለጠራዡ፣ ለፎቶ አንሺው። ትልቁ ባለሀብት ሲከስር ቤቱ በሙሉ ይዘጋል። አራት ትንንሽ ሱቆች ያሉበት ቤት ግን አንዱ ቢወጣ ሦስቱ ይቀሩለታል። ውሉ ቢያንስ ዐሥር ዓመት ይሁን። ተከራዩ መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ አሸንዳውን፣ ከዚያ ሽቦውን ያድስ፤ ያወጣው ገንዘብ በባለሙያ ተቆጥሮ ከኪራዩ ይታሰብለት። ፊቱን፣ ሰገነቱንና ደረጃውን የነካ ውሉ ይፍረስበት። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ባለሙያ መጥቶ ይይ።

ይህን ማድረግ ከሰሌዳ መስቀል ይልቅ ያደክማል። ባለሙያው ከወንበሩ መነሣት፣ ኃላፊው መፈረም፣ ለፈረመውም መጠየቅ አለበት። ምናልባት ቁልፉ የተወደደው ለዚህ ይሆናል፤ በቆለፈው ቤት መፍረስ ሲጠየቅ የታየ ሹም የለማ! እኛ ነዋሪዎቹ ግን መጠየቅ እንችላለን። በሰፈራችሁ የተቆለፈ አሮጌ ቤት ካለ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነና ጣሪያው መቼ እንደታየ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሰኔ ሳይገባ ጠይቁ።