ነጻ መግቢያ በማን ሒሳብ?

በዚህ ሳምንታዊ ጽሑፍ ላይ የሸቀጥ ዋጋ፣ የጭነት ኪራይ፣ የጉምሩክ ደንብና የውጭ ምንዛሪ ነገር ዘወትር ይወጣል። እኔም በደሴ ከተማ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ቢሮ ውስጥ በጸሐፊነት ሳገለግል፣ ይህንኑ ስጽፍና ሳነብ ብዙ ዓመት የኖርሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ሙዚቃና ስለ ቴያትር ነው። የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ «ይህ ከንግድ ምክር ቤት ጋር ምን አገናኘው?» ብላችሁ ገጹን ከመገልበጣችሁ በፊት ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ፤ የምናገረው ስለ ሒሳብ ነውና።

በመጀመሪያ ንግድና ዜማ ባዕዳን አለመሆናቸውን ላስታውስ። የአገራችን ሙዚቃ ዐበይት ቅኝቶች አራት ሲሆኑ፣ እነርሱም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይባላሉ። ከእነዚህ ውስጥ ባቲና አምባሰል በወሎ የሚገኙ የቦታ ስሞች ናቸው። ባቲ ደግሞ ማንም ነጋዴ እንደሚያውቃት የሰኞ ገበያ ከተማ ናት። ደገኛው እህሉን፣ ቆለኛው ግመሉንና ፍየሉን ይዞ የሚገናኝባት፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ ሚዛን ዙሪያ የሚሰማባት ስፍራ ናት። አንድ ታላቅ ቅኝት የገበያ ከተማ ስም ይዞ በመላው አገር ሲጠራ፣ «ዘፈን የሥራ ፈት ነገር ነው» የሚል ነጋዴ ምን ማስረጃ ያቀርባል?

በከተማችን ጆሮ የሚያስደስት ነገር አልጠፋም። ለመስከረም 21 ቀን የግሸን ማርያም በዓል መንገደኛው በደሴ ሲያልፍ ዝማሬው ይሰማል፤ በመውሊድም ጊዜ መንዙማው ሌሊቱን ያደምቀዋል። እነዚህ የሃይማኖት ናቸውና የራሳቸው ክብርና ሥርዓት አላቸው፤ ስለ እነርሱ አልናገርም። የምናገረው በበዓላት ሰሞን ወጣቶች ተሰብስበው፣ አዳራሽ ተከራይተው፣ ማስታወቂያ ለጥፈው፣ ቲኬት ቈርጠው ስለሚያሳዩት ትርዒት ነው። በዚያ ትርዒት ላይ እኛ ነጋዴዎችና የነጋዴ ቢሮ ሠራተኞች የምንፈጽመው አንድ በደል አለ። እኔም ከበደለኞቹ አንዱ ስለ ሆንሁ በራሴ እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የከተማችን ወጣቶች ያቋቋሙት አንድ ቡድን፣ ለወራት ሲለማመደው የቆየውን ትርዒት ለማሳየት ማስታወቂያ ለጠፈ። አሠሪዬ ሐጂ በዚያው ሰሞን ከኮምቦልቻና ከአዲስ አበባ የሚመጡ ደንበኞች ነበሩባቸውና፣ «ለቡድኑ ደብዳቤ ጻፍ፤ ዐሥራ ሁለት የክብር ወንበር ይላኩልን» ሲሉ አዘዙኝ። እኔም «ለኪነ ጥበብ ያለንን ፍቅር በመግለጽ» የሚል ሐረግ ከራሴ ጨምሬ፣ ማኅተም አሳርፌ ሰደድሁ። ፍቅራችን አንድ ብር እንኳ ያላወጣ መሆኑን ያን ጊዜ ልብ አላልሁም። ቲኬቶቹ በማግሥቱ በፖስታ ታሽገው መጡ።

በትርዒቱ ምሽት እንግዶቹ እራት ላይ ስለ ዋጋ ሲከራከሩ መሸባቸውና ሳይሄዱ ቀሩ። የሄድሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። መጋረጃው ሲከፈት ከፊተኛው ረድፍ ዐሥራ አንዱ ወንበር ባዶውን ነበር፤ በዐሥራ ሁለተኛው ላይ እኔ ተቀምጫለሁ። ከበሩ ውጭ ግን «ቲኬት አልቋል» ተብለው የተመለሱ ተማሪዎች ቆመው በመስኮት ያዳምጡ ነበር።

ከሳምንት በኋላ የቡድኑ አስተባባሪ የሆነው ወጣት ወደ ሱቃችን መጣ። ለሚቀጥለው ትርዒት ልብስ የሚሆን ሃያ ሜትር ጨርቅ መረጠና፣ «ሐጂ፣ እባክዎን የግማሹን ዛሬ ልክፈልና የቀረውን ከትርዒቱ በኋላ ላምጣልዎ» አለ። ሐጂ ክፉ ሰው አይደሉም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አብሽር ልጄ፤ ግን የሱቁን ሕግ ታውቀዋለህ» ብለው በግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ጽሑፍ አመለከቱት። ጽሑፉ «ዱቤ የለም» ይላል። ወጣቱ አመስግኖ ወጣ። እርሱ ዐሥራ ሁለት ወንበር በነጻ ስንጠይቀው ያለ አንዳች ቃል ሰጥቶን ነበር፤ እኛ ግን ዐሥር ሜትር ጨርቅ ለጥቂት ሳምንት ልናምነው አልቻልንም። ደብዳቤውንም፣ የግድግዳውንም ጽሑፍ የጻፍሁ እኔ ነኝና ነገሩ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ለምሳሌ ያህል 400 ወንበር ያለው አዳራሽ እናስብ። ቲኬቱ 100 ብር ቢሆንና ሁሉም ቢሸጥ 40,000 ብር ይገባል። ለአዳራሽ ኪራይ፣ ለድምፅ ማጉያ፣ ለጄኔሬተር ነዳጅ፣ ለማስታወቂያ ኅትመት፣ ለልብስና ለመጓጓዣ በጠቅላላው 30,000 ብር ቢወጣ፣ ለተጫዋቾቹ የሚተርፈው 10,000 ብር ነው፤ ሃያ ሰዎች ቢሆኑ ለእያንዳንዳቸው 500 ብር ይደርሳቸዋል። ይህ የወራት ድካም ዋጋ ነው። አሁን ደግሞ ከወንበሮቹ 120ው በደብዳቤ፣ በዝምድናና በይሉኝታ በነጻ ተሰጡ እንበል። ገቢው ወደ 28,000 ብር ይወርዳል። አዳራሹ ሞልቶ፣ ጭብጨባው ደምቆ፣ ቡድኑ 2,000 ብር ዕዳ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል። ከመቶ ሠላሳ እጅ ዕቃውን በነጻ የሚያድል ባለ ሱቅ ከመካከላችን ቢገኝ፣ ዘመዶቹ ተሰብስበው ጠበል ያስጠምቁት ነበር።

ከዚህም ሌላ አንድ ነገር አለ። ያ 30,000 ብር ወጪ ወዴት እንደ ሄደ ጠይቀን እናውቃለን? የሄደው ወደ እኛው ነው። አዳራሹን ያከራየው፣ ማስታወቂያውን ያተመው፣ ነዳጁን የሸጠው፣ ልብሱን የሰፋው፣ ጨርቁን የቈረጠው ሁሉ የከተማችን ነጋዴ ነው፤ ሁሉም ዋጋውን ሳያጐድል ተቀብሏል። ትርዒቱ ሲያበቃ ተመልካቹ ቡና የጠጣውና እራት የበላው በእኛ ቤት ነው፤ ወደ ቤቱ የወሰደውም የከተማችን ባጃጅ ነው። እንግዲህ በዚያ ምሽት ሁሉም ሰው ከፍሎና ተከፍሎ ሲለያይ፣ ያልተከፈለው ምሽቱን የፈጠረው ሰው ብቻ ነው።

ይህ ልማድ ከወዴት እንደ መጣ ባስብ፣ ሥሩ ሩቅ ይመስለኛል። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል፤ ትልቁንም ትንሹንም ሳይንቅ የሚቀበል መሆኑን ስሙ ራሱ ይነግረናል። በዚያ ዘመን በነበረው ሥርዓት አዝማሪው በጌታው ፊት ይጫወታል፤ ጌታውም ደስ ሲለው ያበላዋል፣ ያለብሰዋል፣ ይሸልመዋል። ዋጋ አይጠራም፤ ኑሮው በልግስና ነው። ኋላም በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ፣ የወሎው ላሊበላ ኪነት እንደ ማሪቱ ለገሠ ያሉትን ድምፃውያን ለአገር አሳወቀ። ያን ጊዜ ጌታው መንግሥት ነበር። ዛሬ ግን መኳንንቱም አልፈዋል፣ ያ ሥርዓትም በ1983 ዓ.ም. አብቅቷል። በጌታው ቦታ የቀረው ቲኬት ገዢው ነው፤ ይኸውም እኔና እናንተ ነን። እኛ ግን የመኳንንቱን የፊት ወንበር ወርሰን ሽልማታቸውን ሳንወርስ ቀረን። እንዲያውም ሽልማት አያስፈልግም፤ ነጋዴ ልግስናን ባያውቅ ዋጋን ያውቃል፤ ዋጋውን ይክፈል።

«ብንከፍልስ ምን ይጠቅማል? ስሙ ትንሽ ሲወጣ ጥሎን ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል» የሚሉ አሉ። ይህን ክርክር ከላኪ ነጋዴ አፍ ስሰማ ግን እደነቃለሁ። ላኪው ሰሊጡንና ቦሎቄውን የሚወስደው ዋጋ ወዳለበት አይደለምን? ዘፋኝም ጉሮሮውን የሚወስደው ዋጋ ወዳለበት ነው። ቢከፈለው ሁሉም ይቀራል አልልም፤ ባይከፈለው ግን የሚቀር የለም።

ሌሎችም «እኛ ራሳችን ገና አላገገምንም» ይላሉ። ይህን ቃል በክብር እቀበለዋለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ሱቁ ተዘርፎ፣ ከባዶ መደርደሪያ የጀመረ ነጋዴ ብዙ ነው። ከዚያም ወዲህ የኪራዩና የዕቃው ዋጋ መወደድ አለ፤ በየሳምንቱም የመዋጮ ደብዳቤ በር ያንኳኳል። ነገር ግን እኔ መዋጮ አልጠየቅሁም። አቅም የሌለው ሰው ቲኬት አይግዛ፤ ማንም አይቀየመውም። የምለው፣ መግዛት የማይችል ሰው የሌላውን ዕቃ በማኅተም አያስወጣ ነው። ከተዘረፈ ሰው ይልቅ የድካሙን ፍሬ በነጻ መነጠቅ ምን እንደ ሆነ ማን ያውቃል?

ስለዚህ ለምክር ቤታችን አባላት አራት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በድርጅት ማኅተም ነጻ መግቢያ መጠየቅ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ነውር ይቈጠር። ሁለተኛ፣ እንግዳ ያለው ነጋዴ ወንበሩን በተለጠፈው ዋጋ ይግዛ፤ ገዝቶም ካልሄደ ቲኬቱን ለሠራተኞቹ ወይም ለአንድ ተማሪ ይስጥ እንጂ ወንበሩን ባዶ አያድርገው። ሦስተኛ፣ ስሙ በመድረኩ ላይ እንዲሰቀልለት የሚፈልግ ድርጅት የሚከፍለውን በጽሑፍ ተዋውሎ፣ ግማሹን አስቀድሞ ሰጥቶ፣ ደረሰኝ ይቀበል፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ ምጽዋት መሆኑ ቀርቶ የማስታወቂያ ወጪ ሆኖ በመዝገብ ይገባል። አራተኛ፣ ለሠርግና ለምረቃ አዝማሪ የሚጠራ ሰው ዋጋውን ከጭፈራው በፊት ይነጋገር፤ «እንተዋወቃለን» የሚባለው ቃል በሱቅ ውስጥ ዋጋ እንደማይሆን ሁሉ በድንኳን ውስጥም አይሁን።

ይህ ለአንድ ነጋዴ ሲነገር ከባድ ይመስላል፤ ለሁላችን ሲከፋፈል ግን ቀላል ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ነው። ስድሳ ሱቆች ሁለት ሁለት ወንበር ቢገዙ፣ ከላይ በምሳሌ ያነሣሁት የ120 ወንበር ጉድለት ያለ ማንም ችግር ተሞልቶ ያድራል።

ይህን ጽሑፍ ወደ ምክር ቤቱ ከመላኬ በፊት ለሐጂ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና፣ ጥቂት ዝም ብለው «የዚያን ልጅ ስልክ አለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ስልኩ አለኝ። ቡድኑ ግን ከተበተነ ቈይቷል፤ ልጁም ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። በዚህ ዓመት ደግሞ ሌሎች ወጣቶች በሌላ አዳራሽ ልምምድ ጀምረዋል። ለእነርሱ እንኳ እንዳንዘገይ ይህን ጻፍሁ።

አክባሪያችሁ፣
የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ፣ ከደሴ