ልጄ ከቤቱ እንዲወጣ ለፈረማችሁ ጎረቤቶቼ

የተከበራችሁ የብሎካችን ነዋሪዎችና የኮሚቴ አባላት፣

የምጽፍላችሁ እዚሁ ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ በአንድ ደረጃ ከምንወጣበት ሕንፃ ነው። የብሎኩን ቁጥር አልጠቅስም፤ ላሳፍራችሁ አልፈልግም። እናንተ ግን ለእኔ ይህን ያህል አልሳሳችሁም። ባለፈው እሑድ ኮሚናሉ ውስጥ ተሰብስባችሁ፣ እኔን ሳትጠሩ፣ «ነዋሪውን የሚያውክ ልጅ ያላት ግለሰብ ወይ ልጇን ወደሚመለከተው ተቋም ታስገባ ወይ ቤቱን ትልቀቅ» የሚል ወረቀት ፈርማችኋል። ውሃ በፈረቃ ሆኖ ስትቸገሩ ከበርሜሌ የቀዳችሁትም ከዚችው «ግለሰብ» ነበር።

እስከ ዛሬ ብዙ ችያለሁ። «ዛር አለበት» ስትሉ ችያለሁ። ልጆቻችሁን «አትጠጉት» ብላችሁ በክንዳቸው ስትጎትቱ፣ «ምን ሠርታ ይሆን?» ብላችሁ ስትንሾካሾኩ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኛለሁ። ከሦስተኛ ፎቅ የዕቃ እጣቢ ሲደፋበት «ሳላየው ነው» የተባለውንም አምኜ፣ ልብሱን ቀይሬለት ዝም አልኩ። ወረቀቱን ግን አልችልም። በዓይናችሁ የነበረውን አሁን በብዕር ጻፋችሁት።

እስቲ ስለ ጩኸቱ እናውራ። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ቃል አይናገርም፤ ድምፅ ግን ያመዋል። ከሥራችን ያለው ግሮሰሪ ማታ ስፒከሩን ሲከፍት ሁለት መዳፉን ጆሮው ላይ ይጭናል። ከአልጋው ወርዶ በሩ ሥር ይቀመጥና ለብቻው ያንጎራጉራል። የሙዚቃው ቤዝ ወለሉን መነቅነቅ ሲጀምር ያን ጊዜ ይጮኻል። ሙዚቃው ሲዘጋ እሱም ዝም ይላል። በሀገራችን የድምፅ መስፈርት በመኖሪያ ሰፈር ሌሊት ከ45 ዴሲቤል ማለፍ አይፈቀድም። ለመሆኑ በግሮሰሪው ላይ ፊርማ ያሰባሰበ አለ? ድንኳን ተጥሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፈርስ ማን «ነዋሪውን አወከ» አለ? ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ቢራ የጨበጠ ሰው ሲጮህ ጨዋታ ነው፤ ልጄ ሲጮህ ግን ወረዳ የሚያስኬድ ጉዳይ ሆነ!

ደግሞስ «የሚመለከተው ተቋም» የቱ ነው? አድራሻውን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። አማኑኤል ሆስፒታል ማለታችሁ ከሆነ፣ እዚያ ሰው ይታከማል እንጂ የጎረቤት ልጅ አይጣልም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ታስታውሷቸዋላችሁ። የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ። ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ራሳቸው ከፈቱ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በየመድረኩ የለመኑት፣ ጓዳ ተቆልፎባቸው የሚውሉ ልጆች ወደ ብርሃን እንዲወጡ ነበር። እናንተስ? ከጓዳ አውጥቼ ደረጃ ላይ ያስኬድኩትን ልጅ መልሼ እንድቆልፍበት ነው የምትጠይቁኝ? ትምህርት ቤት ቢገባም እኮ ሲመሽ የሚመለሰው ወደ ቤቱ ነው። ወደዚሁ ቤት፣ ወደ እናንተው ደረጃ።

የሕግ ሙግት አልገጥማችሁም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ እኩል ነው ማለቱን፣ ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ማጽደቋን ኮሚቴው አያጣውም። ከተማ አስተዳደሩ ከኮንዶሚኒየም ዕጣ 5 በመቶውን ለአካል ጉዳተኞች ሲለይ፣ ከእኛው መካከል ይኑሩ ማለቱ አልነበረም? እኔ ግን የማወራው ስለ ጡር ነው። በፍልሰታ የምታስቀድሱ፣ በረመዳን ለጎረቤት ሳምቡሳ የምትልኩ ሰዎች ናችሁ። ጡር የሚባል ነገር መኖሩን ለእናንተ ማስረዳት አለብኝ? ነገ ማን ምን እንደሚወልድ፣ ማን በምን እንደሚወድቅ ከመካከላችሁ የሚያውቅ አለ?

ከፊርማዎቹ አንዱ አንጀቴን ቆርጦታል። እትዬ፣ የአራተኛ ፎቋ፣ ልጄ ሲወለድ ገንፎ ያገነፉልኝ እርስዎ አይደሉም? «እልል» ብለው የተቀበሉት ልጅ እኮ ነው። ስምዎን እዚያ ወረቀት ላይ ሳየው የሌላ ሰው መስሎኝ ደግሜ አነበብኩት። ሌላው ሁሉ ቢፈርም እንኳ የሚቀር ሰው ቢኖር እርስዎ ይመስሉኝ ነበር።

የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ እርስዎ በእድራችንም የተከበሩ ሰው ነዎት። ልቅሶ ሲደርስ ድንኳን የምንተክለው አብረን ነው። የሞተን ሰው እንዲህ ካከበርን፣ በሕይወት ላለ ሕፃን ትንሽ መታገሥ ይከብደናል? ምን ይደረግ ብትሉኝ ዝርዝር የለኝም። ሰው ሁኑልኝ ነው የምለው።

ወረቀቱ ገና ወረዳ እንዳልገባ ሰምቻለሁ፤ ኮሚቴው ቢሮ ውስጥ ነው። እኔ ቤቱን አልለቅም፣ ልጄንም አልቆልፍበትም። ሳታስቡት የፈረማችሁ ካላችሁ፣ ወረዳ ሳይደርስ ሄዳችሁ ስማችሁን ሰርዙ።

ከአንደኛ ፎቅ፣
ጎረቤታችሁ