ሲኖ አቆሰላት፣ ካልኩሌተር ጨረሳት

«ያረጀ መኪና ዋጋው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፣ አባት።»

ይህን ያለኝ በዚህ ሳምንት፣ በአንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የክሌም ክፍል ከጠረጴዛ ማዶ የተቀመጠ፣ ከረባቱን ጥብቅ አድርጎ ያሰረ ወጣት ነው። አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ነው የሚለው። ከመስኮቱ ሥር ከቆሙት መኪኖች ግማሹ በዕድሜ ይበልጡታል፤ በገዛሁበት ልሽጣት የሚል ባለቤት ግን አንድም አይገኝም። መልስ አልሰጠሁትም፤ እጄ ላይ ያለውን ደብዳቤ ገና አንብቤ አልጨረስኩም ነበር።

ደብዳቤው አጭር ነው። ኮሮላዬ «ከጥቅም ውጪ» ሆናለች። ሊብሬዋንና ቁልፏን ላስረክብ፤ ከውሉ ዋጋ ላይ ተቀናሹ ተነስቶ ቀሪው ይከፈለኛል። ከታች ማኅተም፣ ፊርማ፣ «ከሰላምታ ጋር»።

አደጋውን ባለፈው ስለጻፍኩት አልደግመውም። ቃሊቲ፣ አንድ ሲኖ፣ «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚል ሾፌር። ሕዝቡ እነዚህን መኪኖች «ቀይ ሽብር» ብሎ የጠራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ትራፊክ መጣ፣ ፕላን ተነሳ፣ ጥፋቱ የእሱ ነው ተባለ። ሰው አልተጎዳም። ከዚያ ቀን ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «እንኳን ነፍስህ ተረፈች፤ ብረት ይተካል» ይለኛል። ለመጀመሪያው እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለተኛውን ማን እንዳጣራው ግን አላውቅም።

በምን ይተካል? በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጫነ። በ2016 ጥር በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንዳይገባ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ከእያንዳንዱ ውሳኔ በኋላ የኔ የ1997 ሞዴል ኮሮላ ደጃፌ ላይ ቆማ፣ ጎማዋ እንኳ ሳይቀየር፣ ዋጋዋ ወደ ላይ ወጣ። ደላሎች መስታወቷ ላይ ስልካቸውን እየሰኩ ይሄዱ ነበር። መንግሥት ያውቃል፣ ደላላ ያውቃል፣ መኪና የሚያጥበው ልጅ ያውቃል። ክሌም ክፍል አልሰማም።

ኮሮላዬን የማታውቁ ካላችሁ፣ የኋላ ግራ በሯ ከውጭ አይከፈትም። ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው የሚከፍተው። ቤተሰቡ ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ እንግዳ እጀታውን ሲጎትት ዝም ብለን እናየውና እንስቃለን። ዳሽቦርዷ ላይ እናቴ ከቁልቢ ስትመለስ የለጠፈቻት የገብርኤል ሥዕል አለች፤ ፀሐይ አንድ ክንፉን አጥፍታዋለች። ልጆቼ ትምህርት ቤት የተመላለሱት፣ ሙሽሮች የተሸኙት፣ አስከሬን ያጀብነው በእሷ ነው። የጉዳት ማሳወቂያ ቅጹን ስሞላ ለዚህ የሚሆን ሳጥን ፈልጌ አጣሁ። ይሁን፤ ኢንሹራንስ ለትዝታ አይከፍልም። የጠየቅኩት የላሜራውን ነው።

ላሜራው ደግሞ የሚሠራ ነበር። ባለጋራዡ ኮፈኗን ሊያነሳ ቢሞክር እምቢ አለችው፤ በብረት ፈልቅቆ ከፈታት። ራዲያተሩ ተጨፍልቆ ወደ ሞተሩ ተጠግቷል፤ አንደኛው የፊት መብራት በሽቦው ተንጠልጥሏል። ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ገባ። እግሩ ብቻ እየታየኝ ድምፁ መጣ፤ «ጋሼ፣ ሻንሲዋ ደህና ነው!» ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆጠረልኝ። ኮፈን፣ ሁለት ፓራፋንጎ፣ ራዲያተር፣ የፊት መብራት፣ ፓራውልት። «ከሶማሌ ተራ ለቃቅመን፣ ላሜራውን አቅንተን፣ ስቱኮ መትተን ቀለም ስናለብሳት የሲኖ ወሬ ይረሳል። ሞተሯ እኮ ፊሽካ ናት፤ ትንሽ ጊዜ ብቻ ስጡኝ።» የጠራው ሒሳብ ከውሉ ዋጋ ሩቡን አይሞላም ነበር።

ኢንሹራንሱ ግን ፕሮፎርማ አለ። ሦስት ፕሮፎርማ!

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ከፕሮፎርማ ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ታውቃላችሁ። ጠቡ የጀመረው አንድ ባለሱቅ የራሱን ዋጋ ጽፎ ከሰጠኝ በኋላ መሳቢያውን ከፍቶ የሌሎች የሁለት «ተወዳዳሪዎቹን» ማኅተም እዚያው ሲመታልኝ ያየሁ ጊዜ ነው። ለጠመኔም፣ ለወንበርም፣ ለአዳራሽ መጋረጃም ሦስት ፕሮፎርማ። ሦስት ወረቀት ሲኖር እውነት ተገኘች ማለት ነው ብሎ ያስተማረን ማን ይሆን?

በመኪና ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሶማሌ ተራ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ስለዚህ ለኢንሹራንሱ ሶማሌ ተራ የሚባል ሰፈር የለም። ፕሮፎርማው የሚመጣው ሕጋዊ ደረሰኝ ካለው ትልቅ ጋራዥና አዲስ ዕቃ ከሚያስመጣ ሱቅ ነው። እዚያ አንድ ኮፈን የሚተመነው በዛሬው ዶላር ነው። የተመኑ ድምር ከምን ጋር ይነጻጸራል? በትናንቱ ብር ከተጻፈው የውል ዋጋ ጋር። ካልኩሌተሩ ሲጫን የጥገናው ወጪ የመኪናዋን «ዋጋ» ሊያክል ምንም አይቀረው። በቃ፣ ከጥቅም ውጪ። ሲኖው ያቆሰላትን ካልኩሌተሩ ጨረሳት።

«ታዲያ ዋጋዋን ለምን ከፍ አላስደረግክም?» የሚል አስተዋይ አንባቢ አይጠፋም። ውል ባደስኩ ቁጥር ጠይቄያለሁ። መልሱ ከላይ የጻፍኩት ነው፤ ያረጀ መኪና ዋጋው አይጨምርም፣ አባት። ይህ ቃል መኪና በየዓመቱ ዋጋው ለሚወርድበት አገር ከተጻፈ መጽሐፍ የተቀዳ ነው። እዚያ ሰው አዲስ ይገዛል፣ ጥቂት ዓመት ይነዳል፣ አርክሶ ይሸጣል። እዚህ መኪና እንደ ቦታ ነው፤ የያዘ ይከብራል። መጽሐፉን ሲያመጡት ለዚህ አገር አላስተካከሉትም።

ሕጉንም አይቼዋለሁ። የ2013ቱ አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ የመድኑ ክፍል የ1952ቱ እንዳለ ቀርቷል። መርሁ ቆንጆ ነው። ለንብረት የሚከፈለው ካሳ ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም፤ ማንም ከአደጋ አይነግድ ማለት ነው። እሺ፣ እኔም አልነግድ። ግን አሠራሩ ላይ ነገሩ ባለ ሁለት አፍ ሰይፍ ሆኖ ሁለቱም አፉ ወደ ደንበኛው ዞሯል። የገበያው ዋጋ ከውሉ ቢወርድ የሚከፍሉህ በገበያው ነው። የገበያው ዋጋ ከውሉ ቢወጣ የሚከፍሉህ በውሉ ነው። ከዚህም አልፎ «አቬሬጅ» የሚሉት አለ። ገበያ ላይ 1 ሚሊዮን ብር የምታወጣ መኪና በ500 ሺህ ከተመዘገበች ግማሹን ነው ያስገባኸው ይሉና የ200 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስ 100 ሺህ ይሰጡሃል። ልብ በሉ! መኪናዋ 1 ሚሊዮን እንደምታወጣ ያን ዕለት በደንብ ያውቃሉ። ያረጀ መኪና ዋጋው የማይጨምረው ውል በሚታደስበት ቀን ብቻ ነው።

እዚያው ዘርፍ ውስጥ የሚሠራ ወዳጄ «ውል ውል ነው» ይለኛል። ውሉን የጻፉት እነሱ፣ ያባዙት እነሱ፣ በደቃቅ ፊደል ያተሙት እነሱ። በ1986 የግል ኢንሹራንስ እንደገና ሲፈቀድ ፉክክር ይመጣል ተብለን ነበር። ሕንፃው መጣ፤ የቀን መቁጠሪያውና አጀንዳውም መጣ። ውሉን ግን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዛችሁ ብትሄዱ የምታገኙት ልዩነት አርማው ነው።

የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። «ከጥቅም ውጪ» የሆነች መኪና ወደ መቃብር የምትሄድ ይመስላችኋል? ወደ ጨረታ ነው የምትሄደው። ጋዜጣ ላይ ሰንጠረዥ ይወጣል። ተራ ቁጥር፣ ሰሌዳ፣ ዓይነት፣ የሥሪት ዘመን፣ የቆመችበት ቦታ። ተጫራች ሲፒኦ አሠርቶ በታሸገ ፖስታ ያስገባል። የሚገዙት እነማን ናቸው? ባለጋራዦችና ነጋዴዎች። እነሱ ደግሞ የኔ ባለጋራዥ ያለውን ሁሉ ያደርጋሉ፤ ከሶማሌ ተራ ይለቃቅማሉ፣ ያቀናሉ፣ ስቱኮ ይመታሉ፣ ቀለም ይቀባሉ። ከዚያ ዓመታዊ ምርመራ አልፋ፣ ቦሎ ለጥፋ መንገድ ላይ ትወጣለች። ከጥቅም ውጪ የሆነችው ለእኔ ብቻ ነበር።

«ከሚከፈለኝ ላይ ቅሪቷን አስቡና እኔው ልውሰዳት» ብዬ ጠየቅኩ። «ከፈለጉ እንደማንኛውም ሰው ይጫረቱ» አለኝ ባለከረባቱ። በገዛ መኪናዬ እንደማንኛውም ሰው! ብሔራዊ ባንክ ኢንሹራንሶችን የሚቆጣጠር ከሆነ ሁለት ነገር እንዲያዝልን እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ቅሪት ለጨረታ ከመውጣቱ በፊት በገማች ዋጋ ለባለቤቱ ይቅረብ፤ አልፈልግም ካለ ይሸጥ። ሁለተኛ፣ ውል ሲታደስ የገበያውን ዋጋ ያውቃል የሚባለው ኩባንያ ግምቱን በጽሑፍ ይስጥ፤ ደንበኛው በዝቅተኛ ላስመዝግብ ካለ ፈርሞ ይቀበል። ከዚያ በኋላ አቬሬጅ ቢሉኝ አፌን እዘጋለሁ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ነገር ግን ከሲኖው የሦስተኛ ወገን መድን ምን ያህል ይደርሰኛል ብዬ አዋጅ ቁጥር 799/2005ን ሳገላብጥ ካሳ የተዘረዘረበት ቦታ ላይ ቆምኩ። አዋጁ ሲወጣ ሦስተኛ ወገን ለንብረት ጉዳት የሚከፍለው ጣሪያ 100 ሺህ ብር ነበር። ለሞት ደግሞ ከ5 ሺህ የማያንስ፣ ከ40 ሺህ የማይበልጥ። ደግሜ አነበብኩት። ያ ሲኖ ያን ዕለት ኮሮላዋን ትቶ ጥግ ላይ ቆሎ የምትሸጠውን ሴትዮ ቢመታ ኖሮ፣ አዋጁ ሲወጣ በነበረው ተመን ሲሰላ ለልጆቿ የሚደርሰው የመኪና በር፣ መብራትና ኮፈን ከሚያስገኘው ጣሪያ ግማሹን አይሞላም ነበር። ብረት ይተካል፣ ነፍስ አትተካም የሚል ሕዝብ ሕግ ሲጽፍ ብረቱን በሁለት እጥፍ ተኩል አስወደደው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ስለ ፓራፋንጎ መጮሄን ባላቆምም ድምፄ ትንሽ ቀንሷል። የዚህን ሳምንት ሙሉ ንዴት ለመኪናዬ ማዋሌ ለእኔም ደስ አይለኝም፤ የሴትዮዋን ነገር ራሱን ችሎ እመለስበታለሁ።

እስከዚያው፣ ከኢንሹራንስ በኩል መልስ አለን የምትሉ ለዝግጅት ክፍሉ መላክ ትችላላችሁ። ከሦስት የተለያዩ ኩባንያዎች፣ በታሸገ ፖስታ፣ ማኅተም የተደረገበት ይሁን። አነስተኛ ሰበብ ያቀረበውን አሸናፊ አደርጋለሁ።