የረሃብተኛው ነዳጅ፣ የአምባገነኑ ካዝና

እኛ ኢትዮጵያውያን ማዕቀብ ለሚባለው ነገር እንግዶች አይደለንም። ፋሺስት ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1935 አገራችንን ስትወር በጄኔቫ የተሰበሰበው የመንግሥታቱ ማኅበር በወራሪው ላይ ማዕቀብ ጣለ፤ ነገር ግን የሙሶሊኒን ታንክና አውሮፕላን የሚያንቀሳቅሰውን ዋናውን ነገር፣ ነዳጅን፣ ከዝርዝሩ ውጭ አደረገው። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። አባቶቻችን በመርዝ ጋዝ ካለቁ በኋላ በ1936 ያው ጥርስ የሌለው ማዕቀብ እንኳ ተነሣ። ከ55 ዓመት በኋላ ደግሞ፣ ኦገስት 6 ቀን 1990፣ የጸጥታው ምክር ቤት ኩዌትን በወረረችው ኢራቅ ላይ በውሳኔ ቁጥር 661 ማዕቀብ ሲጥል፣ ይህኛው ጥርስ ነበረው፤ ነዳጁም ንግዱም ባንኩም ተዘጋ። ኩባና የመን ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። እጃቸውን አውጥተው ከደገፉት 13 አገሮች መካከል አንዷ በወቅቱ የምክር ቤቱ አባል የነበረችው ኢትዮጵያ ናት። ደርግ ያን ጊዜ ከሶቪየት ትከሻ ወርዶ የዋሽንግተንን ፊት በመፈለግ ላይ ነበርና!

ይህን የምናነሣው ታሪክ ለመተረክ ብለን አይደለም። በስደት ዓለም የምንኖር ኢትዮጵያውያን በዋሽንግተን፣ በለንደንና በብራስልስ አደባባዮች ቆመን «ለጨቋኞች የሚሰጠው ርዳታ ይቁም፤ ማዕቀብ ይጣልባቸው» ስንል ኖረናል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም መፈክር ይዘን በብርድ ቆመናል፤ አንክድም። አንዳንዶቻችን ዛሬም ያንኑ እንላለን። እንዲህ ብሎ የሚጮኽ ሰው ግን በኢራቅ ስለተፈጸመው «ነዳጅ ለምግብ» ስለሚባለው መርሐ ግብር የማወቅ ግዴታ አለበት። ማዕቀብና ርዳታ በአንድ አልጋ ሲተኙ ምን እንደሚወልዱ የታየው እዚያ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጦርነቱ ቢያበቃም ማዕቀቡ አልተነሣም፤ የኢራቅ ሕዝብም መድኃኒትና ንጹሕ ውኃ አጣ። በ1995 የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 986ን አሳለፈ። ኢራቅ ነዳጇን ትሽጥ፤ ገንዘቡ ግን ባግዳድ አይግባ፤ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስም በአደራ ሒሳብ ይቀመጥና ምግብና መድኃኒት ይገዛበት ተባለ። የመጀመሪያው ነዳጅ የተሸጠው በዲሴምበር 1996፣ የመጀመሪያው እህል የገባው በማርች 1997 ነው። በኖቬምበር 2003 እስኪዘጋ ድረስ 64 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ነዳጅ በዚህ መንገድ ተሸጧል። ስለዚህ «ርዳታ» የሚለው ቃል ራሱ ማታለያ ነበር ማለት ይቻላል። ኢራቃዊው የበላው የራሱን ነዳጅ ነው። ያውም ሙሉውን አይደለም፤ መጀመሪያ 30 በመቶው፣ በኋላም 25 በመቶው ለኩዌት ወረራ ካሳ ወደ ጄኔቫ ሲሄድ፣ ወደ 3 በመቶ የሚጠጋው ደግሞ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስተዳደርና ለጦር መሣሪያ ፍተሻ ይቆረጥ ነበር። ተቆጣጣሪው ደመወዙን የሚያገኘው ከሚቆጣጠረው ሕዝብ ኪስ ነበር ማለት ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሏል ይኼ ነው።

ወጥመዱ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ነዳጁን ማን ይግዛው? ምግቡንስ ማን ያቅርበው? ይህን የመምረጥ ሥልጣን ለማን ተሰጠ ቢባል መልሱ፦ ለሳዳም ሑሴን መንግሥት! ማዕቀቡ የተጣለበት ሰው ራሱ ደንበኞቹን እንዲመርጥ ተፈቀደለት። ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ከዚህ በላይ ምን አለ? ሰውየው ደግሞ ሞኝ አልነበረም። በመጀመሪያ የነዳጅ ድርሻውን ለወዳጆቹና ማዕቀቡን ለሚቃወሙለት የውጭ ፖለቲከኞች እንደ መና አደለ። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ከእያንዳንዱ በርሜል ላይ ከ10 እስከ 30 ሳንቲም የሚደርስ ድብቅ ክፍያ እንዲገባለት አዘዘ። ምግብና መድኃኒት የሚያቀርቡ ነጋዴዎችም አብዛኛውን ጊዜ የውሉን 10 በመቶ እንዲመልሱለት አደረገ፤ ስሙንም «ከሽያጭ በኋላ ለሚሰጥ አገልግሎት» አለው። ለውኃ ፓምፕ ይሁን፤ ጥገና ያስፈልገዋል። ለተበላ እህል ከሽያጭ በኋላ የሚሰጠው አገልግሎት ምንድን ነው? ማኘክ ነው?

ይህን 10 በመቶ የከፈለው ማነው ብለን እንጠይቅ። ነጋዴው ከኪሱ አልከፈለም። የውሉን ዋጋ በዚያው ልክ ከፍ አድርጎ ያቀርባል፤ ውሉ በኒው ዮርክ ይጸድቃል፤ ገንዘቡ ከአደራው ሒሳብ ይከፈለዋል፤ ጭማሪውን ደግሞ በጓሮ በር ለባግዳድ ይመልሳል። የራሱን ጨቋኝ ጉቦ የከፈለው፣ ሳያውቀው፣ ወተት ያጣው የባስራ ሕፃን ነው። ሌብነት ሁልጊዜ የነበረ ነገር ነው። ይህን የሚለየው በጸጥታው ምክር ቤት ማኅተም ታትሞ፣ በባንክ ሰነድ ተደግፎ የተፈጸመ መሆኑ ነው።

በፖል ቮልከር የተመራው ገለልተኛ አጣሪ ኮሚቴ በኦክቶበር 2005 የመጨረሻ ዘገባውን ሲያወጣ ከ2,200 በላይ ኩባንያዎች 1.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሕገ ወጥ ክፍያ ለሳዳም መንግሥት መፈጸማቸውን ገልጿል። ከሁሉ ይልቅ የሚገርመን የአውስትራሊያው የስንዴ ኩባንያ፣ ኤ.ደብሊው.ቢ. የሚባለው ነው። ይህ ኩባንያ ለመርሐ ግብሩ ትልቁ እህል አቅራቢ ነበር። አሊያ ለሚባል የዮርዳኖስ የጭነት ድርጅት «ስንዴውን ከወደብ ወደ መሀል አገር ለማጓጓዝ» በሚል ከ220 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ዶላር ከፈለ። አሊያ አንዲት ኩንታል አላጓጓዘም። የድርጅቱ ባለድርሻ የኢራቅ መንግሥት የትራንስፖርት ሚኒስቴር ነበር፤ ገንዘቡም በቀጥታ ወደዚያው ያልፋል። አውስትራሊያ በ2003 ሳዳምን ለመጣል ጦሯን ከአሜሪካ ጋር ስታዘምት፣ የገዛ ስንዴ ነጋዴዋ ሲቀልበው መክረሙ ነው! የአገሪቱ መርማሪ ኮሚሽን በ2006 በ12 ሰዎች ላይ ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ ሐሳብ አቀረበ። ሚኒስትሮቹ አናውቅም ብለው ወጡ።

ጠባቂዎቹስ? የመርሐ ግብሩ የበላይ ኃላፊ የነበሩት ቤኖን ሴቫን በነዳጅ ድልድል ሰበብ 150 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ጥቅም አግኝተዋል ሲል አጣሪው ኮሚቴ ደመደመ፤ በ2007 ኒው ዮርክ ውስጥ ተከሰሱ። እርሳቸው በትውልድ አገራቸው በቆጵሮስ ሆነው አላደረግኩትም ብለዋል። የአንድ ሰው 150 ሺህ ዶላር ግን የነገሩ ትንሹ ገጽ ነው። አጣሪው ኮሚቴ እንዳሰላው ሳዳም ከመርሐ ግብሩ ውጭ በኮንትሮባንድ ነዳጅ ብቻ ወደ 11 ቢሊዮን ዶላር አግኝቷል። ወደ ዮርዳኖስና ወደ ቱርክ ይጎርፍ የነበረውን የነዳጅ ቦቴ ዋሽንግተን ታውቅ ነበር፤ ሁለቱ ወዳጆቿ እንዳይጎዱባት ዓይኗን ጨፈነች። በአንጻሩ በኒው ዮርክ የተቀመጠው የማዕቀብ ኮሚቴ፣ ለጦር መሣሪያ ሊውል ይችላል በሚል ጥርጣሬ፣ በ2002 ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ዕቃ አግዶ ይዞ ነበር። ለውኃ ማጣሪያና ለመብራት ኃይል የሚሆን ዕቃ ሳይቀር ይታገዳል። የዋጋው መናር ግን እምብዛም ዕንቅልፍ አልነሣውም። በክሎሪኑ ውስጥ ቦምብ ሲፈልጉ በደረሰኙ ውስጥ ያለውን ሌባ አሳለፉት።

ሳዳምን ያጠናከረው ደግሞ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። እህሉ በመሀልና በደቡብ ኢራቅ ሲገባ የሚታደለው በመንግሥቱ የራሽን ካርድ ነበር። አብዛኛው ሕዝብ ኑሮው በዚያች ካርድ ላይ ተንጠለጠለ። በደርግ ዘመን በቀበሌ ሱቅ ለስኳርና ለዘይት ወረፋ የያዘ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት የቮልከር ዘገባ አያሻውም፤ ስብሰባ የቀረ ሰው ኩፖኑን ሲያስብ ሆዱ ይረበሽ ነበር። ማዕቀቡ የነጋዴውንና የመምህሩን፣ አንድ ቀን «እምቢ» ሊል የሚችለውን የመካከለኛውን ሰው ጉልበት ሰብሮ ከመንግሥት ደጅ አስቀመጠው። ዴኒስ ሃሊዴይና ሃንስ ቮን ስፖኔክ፣ በኢራቅ የድርጅቱን ሰብአዊ ሥራ ተራ በተራ የመሩት ሁለቱ ሰዎች፣ በ1998 እና በ2000 ሥልጣናቸውን ጥለው የወጡት የማዕቀቡን ጉዳት እያዩ ዝም ማለት ስላቃታቸው ነው።

የሕፃናቱ ነገርም አለ፤ ማለፍ አንችልም። በዚያ ዘመን ማዕቀቡ ግማሽ ሚሊዮን የኢራቅ ሕፃናት ገደለ ሲባል ዓለም አመነ። ማድሊን ኦልብራይት በ1996 በቴሌቪዥን ይህን ቁጥር ሲጠየቁ ሐሰት ነው አላሉም፤ የሚገባ ዋጋ ነው የሚል መልስ ሰጡ፤ በኋላ በንግግራቸው ተጸጽተዋል። ከ2003 በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ያን ያህል ዕልቂት አላገኙም፤ በ2017 የታተመ ጥናትም በ1999 የወጣውን ታዋቂ መረጃ የሳዳም መንግሥት አዛብቶት እንደነበር ደምድሟል። እንግዲህ ፍረዱ፤ አንዱ የሌሉ ሬሳዎችን ቆጠረ፤ ሌላዋ ሬሳዎቹ እውነት መስለዋት ሳለ ዋጋው ይገባል አለች። በእውነት የተራበው ሕፃን በሁለቱ መካከል ተረሳ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ እንደ ኢራቅ ያለ ማዕቀብ አልተጣለባትም፤ የካርዱ ፖለቲካ ግን አንድ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2010 ባወጣው ዘገባ የሴፍቲኔት እህል፣ ዘርና ማዳበሪያ ተቃዋሚን የሚደግፍ ገበሬ እየተለየ ይከለከል እንደነበር አስነብቧል። በ2023 ደግሞ የአሜሪካው የርዳታ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የርዳታ ስንዴ በሰፊውና በተቀነባበረ መንገድ እየተዘረፈ ነው ብለው መጀመሪያ በትግራይ፣ በጁን ወር ደግሞ በመላ አገሪቱ የምግብ ርዳታውን አቆሙ። ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ርዳታ ይሻ ነበር። ርዳታው በመላ አገሪቱ እስኪቀጥል ወራት አለፉ። ለተሰረቀው ስንዴ የተቀጣው የሰረቀው አይደለም፤ የተሰረቀበት ነው። ባለመጋዘኑ፣ ባለወፍጮውና ባለማዕረጉ ያን ክረምት ቁርሳቸውን አላጡም። ያኔ ከኛ መካከል «እሰይ፣ ተጋለጡ!» ብለው ያጨበጨቡ ነበሩ። እኛም መግለጫውን በደስታ አንብበነዋል፤ በዚያው ሰሞን በመጠለያ የተቀመጠችው እናት ምን እንደበላች ግን አልጠየቅንም።

«ታዲያ ጨቋኝ አይቀጣ ማለታችሁ ነው?» የሚሉን ይኖራሉ። አይደለም። የባለሥልጣኑ የባንክ ሒሳብ ይታገድ፤ ቪዛው ይከልከል፤ ልጆቹ የሚማሩበት ገንዘብ ከየት እንደመጣ ይጠየቅ። በዚህ አንደራደርም። በሕዝብ ጉሮሮ ላይ የሚጣለውን ግን ከእንግዲህ በጭፍን አንፈርምም። ርዳታ ይግባ ሲባልም እንደዚያው ነው፤ የኢራቅ ውሎች በንግድ ምሥጢር ስም ተሸፍነው ባይቀሩ ኖሮ የአሊያን የጭነት ሒሳብ ለማወቅ ዓለም ጦርነት ባላስፈለገው ነበር።

በሚቀጥለው ጊዜ ለምክር ቤት አባላት የምንልከው ደብዳቤ ለፊርማ ሲዞር፣ ከ«ይቁም» እና ከ«ይጣል» በታች እነዚህ ጥያቄዎች እንዲገቡ እንሻለን፦ ስንዴውን ያቀረበው ማነው፣ በስንት ዋጋ? የጭነት መኪናው የማን ነው? የመጋዘኑን ቁልፍ ማን ይዞታል? ካርዱን የሚሰጠው፣ የሚነጥቀውስ ማነው? መልሱ በየወሩ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማሊኛ ተጽፎ በእደላው ጣቢያ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ወረፋ የያዘው ሰው ያንብበው።