«አየሩ ካልሆነ ይቅር!» በሉ

ክረምት ሲበረታ የእንጦጦ ጉም ወደ ፒያሳ ይወርድና የሥላሴን ጉልላት ሳይቀር ይሸፍነዋል። እግረኛው አንገቱን ቀብሮ፣ ባለታክሲው መብራቱን አብርቶ ቀስ እያለ ያልፋል። ካስቸገረው ዳር ይዞ ይቆማል። ሰማይ ላይ ግን ዳር የለም!

ይህን ያነሣነው ወደን አይደለም። አንድ የሥላሴ ሰፈር ልጅ ጥያቄ አቅርቦልናል። ከውጭ የመጣ አብሮ አደጉ ሄሊኮፕተር ተከራይቶ ጓደኞቹን ወንጪ ሊያዝናና አስቧል። የቀረችው ቀን ቅዳሜ ብቻ ናት፤ እሑድ ማታ ተመላሽ ነው። «ደመና ቢሆንስ?» ቢለው «ሄሊኮፕተር እኮ የፈለገበት ቦታ ያርፋል፤ አትፍራ!» አለው። «እውነት ፈሪ ነኝ?» ይላል ልጁ።

ወንድማችን፣ ፈሪ አይደለህም፤ ልክ ነህ።

ሄሊኮፕተር የፈለገበት የሚያርፈው አብራሪው መሬቱን ካየ ነው። ደመና ውስጥ ከገባ ላይና ታቹ ይምታታበታል። የሰውነታችንን ሚዛን ከሚጠብቁልን ነገሮች አንዱ በውስጠኛው ጆሯችን ያለው ፈሳሽ ነው። ዓይን አድማሱን ካላየ ግን ይህ ፈሳሽ ይዋሻል። ቀስ ብለህ እየዞርክ «ቀጥ ብለህ ነው የምትሄደው» ይልሃል። የሚያድነው ስሜትን ትቶ መሣሪያውን ማመን ነው፤ ይህ ደግሞ የራሱ ሥልጠና አለው። እንደ ፈረንጆቹ በ1954 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ ብቻ መብረር ያልሠለጠኑ 20 ሰዎችን ፈትኖ ነበር። ሃያዎቹም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው። በአማካይ የፈጀባቸው ጊዜ 178 ሰከንድ ነው። ያዘዝከው ማኪያቶ እንኳ በዚህ ጊዜ አይደርስልህም!

«እሱ ለጀማሪ ነው» እንዳትል። የቅርጫት ኳሱን ኮከብ ኮቤ ብራያንትን ይዞ የበረረው አብራሪ ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረረ ሰው ነበር። ጥር 17 ቀን 2012 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ውስጥ ደመና ውስጥ ገባ። ለተቆጣጣሪዎቹ ወደ ላይ እየወጣ መሆኑን ሲነግራቸው ሄሊኮፕተሩ ግን እየወረደ ነበር። ኮቤ፣ የ13 ዓመት ሴት ልጁና ሌሎች 7 ሰዎች አለቁ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2013 ዓ.ም. ውጤቱን ሲያወጣ፣ ኮቤም ሆነ ድርጅቱ አብራሪውን «ካልሄድክ» ብለው እንደገፉት የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። አብራሪው ራሱን በራሱ ነው የገፋው። ልብ በል፤ ተሳፋሪው ዝም ቢልም ይሉኝታ ይገፋል!

የእኛም ሰማይ ይህን ያውቃል። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ የፍልሰታ ጾም በገባበት ዕለት፣ የአሜሪካው ምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድ ከ15 ሰዎች ጋር በትንሽ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሡ። የሚሄዱት ጋምቤላ፣ ፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ ነበር። በመጥፎ አየር ተራራ ላይ ተከሰከሱ። ስብርባሪው የተገኘው ነሐሴ 7 ሲሆን አንድም የተረፈ አልነበረም። ሌላንድ ለተራበ ሰው የቆሙ ነበሩ። ደመና ግን ጉዳይህን አይጠይቅም፤ ለእርዳታም ሂድ ለሽርሽር ለሱ ያው ነው።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው። ድርጅቱ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ። አብራሪው በመሣሪያ ለመብረር የሠለጠነ መሆኑን፣ ሄሊኮፕተሩም ለዚያ የተዘጋጀ መሆኑን ጠይቁ። በአየር ምክንያት ቢቀር ገንዘቡ እንደሚመለስ ወይም ቀኑ እንደሚዛወር ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ይሁን። ገንዘቡ የሚቃጠል ከሆነ አፋችሁም ይታሰራልና። ለቅዳሜ ሌላ ፕሮግራም በመጠባበቂያ ያዙ።

ከሁሉም በላይ፣ ሞተሩ ሳይነሣ አብራሪውን «አየሩ ካልሆነ ይቅር፤ መንገድ ላይም ከሆነ እንመለስ፤ አንቀየምህም» በሉት። ይህቺን ቃል ለማውጣት ገንዘብ አያስፈልግም። አብራሪውን ከይሉኝታ ነጻ ታወጣዋለች።

ጓደኛህ «ፈሪ ለእናቱ» ብሎ ቢስቅብህ፣ «እናቴማ ትፈልገኛለች፤ ያንተም ትፈልግሃለች» በለው። ወንጪ እንደሆነ የትም አይሄድም። መስቀል ጠብቶ፣ አደይ ፈንድቶ፣ ሰማዩ ሲጠራ እዚያው ታገኙታላችሁ።