የፈረስ ጋጣ የሚሸተው እርሾ

ከተሜው ስለ ቢራ ሲያወራ የሚያነሳው ብራንዱንና ዋጋውን ነው፤ እርሾውን የሚያነሳ የለም። እኛ ዛሬ ስለ እርሾ እንከራከራለን፤ ያውም ብዙዎች "አበላሽ" ብለው ስላባረሩት እርሾ።

እ.ኤ.አ. በ1883 ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ላቦራቶሪ አንድ የእርሾ ዘር ለብቻው ነጥሎ ማራባት ቻለ። ፋብሪካዎች ጣዕሙ የማይለዋወጥ ቢራ መጥመቅ የቻሉት ከዚያ ወዲህ ነው። በ1904 እዚያው ካርልስበርግ ይሠራ የነበረው ኒልስ ክላውሰን ከእንግሊዝ ቢራ ያገኘውን ሌላ እርሾ ብሬታኖማይሲስ አለው፤ "የብሪታንያ ፈንገስ" እንደማለት ነው። የቆዳና የፈረስ ጋጣ ሽታ ያመጣል። ብዙ ወይን ጠማቂዎች እስከ ዛሬ እንደ ጠላት ያዩታል።

ቤልጂየሞቹ ግን አላባረሩትም። ብራስልስና ከሴን ወንዝ ወዲህ ወዲያ ባለው አካባቢ ላምቢክ የሚጠምቁ ሰዎች እርሾ አይጨምሩም። የገብስ ብቅልና ያልበቀለ ስንዴ አፍልተው፣ ትኩሱን ሰፊ ገንዳ ላይ ገልብጠው፣ ሌሊቱን ለብርድና ለነፋስ ይተዉታል። ከአየሩ የገባውና በእንጨት በርሜሉ ውስጥ የኖረው እርሾና ባክቴሪያ ተራ በተራ ይሠራል፤ ብሬታኖማይሲስ ተራው የሚደርሰው ወራት ካለፉ በኋላ ነው። የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመቱ ላምቢክ ሲቀላቀል ጉዝ ይባላል። በ1900 የተቋቋመው ካንቲዮን ጠመቃ ቤት የሸረሪት ድር እንኳ አይጠረግም፤ ነፍሳቱን የምትይዘው ሸረሪቷ ናትና። የኦርቫል ገዳም ቢራ ላይ ደግሞ ይኸው እርሾ ጠርሙስ ሲሞላ ሆን ተብሎ ይጨመራል።

አንዱ ዘንድ ብልሽት የሆነው ሌላው ዘንድ ሙያ ሆነ። በ2016 ዩኔስኮ የቤልጂየምን የቢራ ባህል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

"እንግዲያው እርሾውን ላቦራቶሪ አስቀምጦ መገላገል ነው" የሚል አይጠፋም። አይበቃም! በ2015 ኅዳር ላይ ሌሊቱ ስለሞቀ ካንቲዮን ጠመቃውን ለማቋረጥ ተገዶ ነበር። እርሾ በብልቃጥ ይቀመጣል፤ ብርድ ሌሊት፣ አሮጌ በርሜልና የለመደ እጅ ግን በብልቃጥ አይገቡም።

ይህ የፈረንጅ ወሬ ብቻ አይደለም። የእኛም ጠላ የፋብሪካ እርሾ ሳይገዛለት የኖረ መጠጥ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ የሚመጣው ነው። ጥንስሱ መቼ እንደሚደፈደፍ የምታውቀው ጠማቂዋ ናት። እኛ ግን ድራፍት ይዘን "ኋላ ቀር" እንለዋለን።

ንጹህ እርሾ ላይ ጥል የለንም። የምንጠይቀው የየአካባቢው የጠላ እርሾ ተለይቶ እንዲቀመጥ፣ የጠማቂዋም ዘዴ ከነስሟ እንዲመዘገብ ነው። እርሾው ቢገኝ እንኳ ደፍዳፊዋ ከሌለች ጠላው የለም።